ጨረቃ ቀን አትቆርጥም

ከዐይኔ ሥር ያበጠውን ሐኪሙ በሁለት ጣት ያዘው፣
ሰኞ ገበያ ጨርቅ የሚመርጥ ሰው ክሩን እንደሚመዝዘው።
«ቀላል ነው» አለኝ፤ «አርባ ደቂቃ፤ ይቀደዳል፣ ይሰፋል፤
ትንሽ ይጠቁራል፣ ትንሽ ያብጣል፤ በዐሥራ አራት ቀን ይጠፋል።
ብቻ የበዓሉን ቀን ንገሪኝ፣ ወደ ኋላ እንድቆጥር።»
እንዴት ልናገር፣ ዶክተር ግዛቸው፣ ጨረቃ ሳትመሰክር?
ሃያ ዘጠኝ ወይስ ሠላሳ፣ እኛም የምናውቀው በማታ፣
ጦሳ ራስ ላይ ዐይን ተክለን፣ ሰማይ ደመናውን ሲፈታ።

ገንዘቡን የላከችው ልጄ ናት፣ ሉባባ፣ ከዱባይ፤
ለኢድ ትመጣለች፣ እጮኛዋም አብሮ፣ ዘመዱ ሁሉ ሊያይ።
ስልክ ላይ ፊቴን ባየች ቁጥር «እማ፣ ደክሞሻል?» ትላለች፤
«ኧረ ምን ደከመኝ!» እላለሁ። ብተኛም ከረጢቷ ነቅታ ታድራለች።
አማቾቿ ከሐይቅ ይመጣሉ፤ ፎቶ ይነሣል፤ ፎቶው ይቀራል፤
ሰው የረሳውን ከረጢት፣ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ያኖራል።

ሃያ ስድስት ዓመት ኮምቦልቻ፣ ፈትል ክፍል፣ ሌሊት ፈረቃ፤
ክር ስቋጥር አድሬ ስገባ፣ ሰፈሩ ገና ሲነቃ።
ይህች ከረጢት ምን ይዛለች እያልኩ አንዳንዴ እስቃለሁ፤
ትርፍ ሰዓቱን ፋብሪካው ከፍሎኛል፤ እንቅልፌን እዚህ ቆጥቤያለሁ።

ልዋሽ? አምሮኛል። ቆዳውን ሳብ ሲያደርግ ከመስተዋቱ ያየኋት፣
ፒያሳ ቆማ ታክሲ የምትጠብቅ፣ ስሟ የጠፋኝ የማውቃት፣
ሰላም ልላት ስል ጣቱን ለቀቀ። ሄደች። ቀረሁ እኔ፣ ጦይባ፣
ጡረተኛዋ፣ ሃምሳ ሰባት ዓመቷ፣ እናቷ የሉባባ።

ከዚያ መመሪያው መጣ፦ «ክኒኑ ሦስቴ፤ ጧት፣ ቀን፣ ማታ።»
«ጾም ላይ ነኝ» ስለው እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰካት ለአፍታ።
«ደግሞ ለዐሥር ቀን ጭንቅላትሽን ወደ መሬት አትድፊ፤
ደም ይወርድበታል። እንስራ፣ ባልዲ፣ አታንሺ፤ በሥራ አትልፊ።»
«ሱጁድስ?» አልኩት። ደሴ ያደገ ነው፤ ሳልጨርስ ገባው ነገሩ፤
«ተቀምጠሽም ይቻላል» አለኝ፣ የመሪጌታው ልጅ፣ በምክሩ።

ሐረጎን ስወርድ ሚኒባሱ ታጠፈ፣ ደግሞ ታጠፈ፤
ይህን ተራራ ማን ወጥሮ ሰፋው? እንደተጨማደደ ሰው አለፈ።
ግን ይሄም ምሳሌ አያዋጣም፤ አስፋልቱን በየጊዜው ይጠግኑታል፤
ጠጋኙን ማን «ኩራተኛ» አለው? ጉድጓዱን አይተው ይደፍኑታል።

አስናቁ ጎረቤቴ፣ ሁዳዴ ላይ ናት፤ ሽሮዋን እያማሰለች
«ዕድሜሽን ቀንሰሽ፣ ትራፊውን ለማን ልትሰጪ ነው?» አለች።
ቆየት ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦ «የኔን አገጭ ጠይቂልኝ፤
እንዲያው ዋጋውን ለማወቅ ነው። አደራ፣ ለሰው እንዳትነግሪብኝ።»

ከሱሑር በፊት፣ ውሻ ብቻ ሲጮህ፣ ወሰንኩ። ለኢድ አይሆንም።
ጨረቃ ቀን አትቆርጥልኝም፤ እኔም ቀን አልለምናትም።
ልጄ ኮምቦልቻ ኤርፖርት ወርዳ፣ ሰው መሐል ዐይኗ ፈልጋ
ትወቀኝ፤ ለምን ትደንግጥ፣ ያበጠ እንግዳ ሰው ስትጠጋ?

ብሩን ግን አልመልስም። በዓል በሌለበት ወር፣ ማንም ሳይጠብቀኝ፣
አንድ ማክሰኞ፣ እሄዳለሁ ለራሴ፤ ሐሳቡ ካልለቀቀኝ።
ደግሞም ካልፈራሁ። እፈራለሁ። መርፌ ስንት ዓመት ይዤ
ዐይኔ አጠገብ ሲመጣ ግን... ተዪው፣ ይብቃ፤ ነጋ እኮ፣ ፈዝዤ።

ስልኩ ጮኸ። ሉባባ ናት። ብርሃኑ ፊቴ ላይ ወደቀ።
«እማ፣ ደክሞሻል?» አለች፤ የለመድኩት መልስ ከአፌ ራቀ።

«አዎ፣ ልጄ» አልኩ። «ደክሞኛል።»
ዝም አለች።
ረጅም ዝምታ። ካርዷ እየቆጠረ።